ከማሸትዎ በፊት ጥፍርዎን ያሳልፉበት

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ የመኪና ቀለም

ስለ መኪና ቀለም ከደረሱን ጥያቄዎች ለብዙ ሰው ይጠቅማሉ ያልናቸውን መርጠናል። ጠያቂዎቻችን በአብዛኛው «ምን ልቀባበት?» ይላሉ። እኛ ግን መጀመሪያ የምንጠይቀው «ምን ያህል ቀለም ቀርቶታል?» ብለን ነው። በፖሊሽ የተነሳ ቀለም ተመልሶ አይመጣምና።

ጥያቄ፦ የ2008 እ.ኤ.አ. ጥቁር ቪትዝ አለኝ። ኮፈኑና ጣራው ወዙ ጠፍቶ አመድማ ሆኗል፤ ጎንና ጎኑ ግን ደህና ነው። ፀሐይ ላይ ሲቆም ደግሞ ሁለመናው የሸረሪት ድር በመሰለ ክብ ክብ ጭረት ተሸፍኖ ይታያል። ቀለም ቤት ብጠይቅ «ሙሉ ቀለም ነው የሚያስፈልገው» አሉኝ። እቤት የሚሠራ ነገር የለውም? (አንባቢ፣ ከገርጂ)

መልስ፦ ቀለም ቤቱ ቸኩሏል። መጀመሪያ ኮፈኑ ላይ ውኃ ያፍስሱበት። እርጥብ ሳለ ጥቁረቱና ወዙ ተመልሶ፣ ሲደርቅ እንደገና አመድማ ከሆነ ጉዳቱ ከላይኛው ገጽ አላለፈምና በፖሊሽ ይድናል። እርጥብም ሆኖ ጠርዛቸው የለየ ነጫጭ ቦታዎች ከታዩ ግን ክሊሩ መላጥ ጀምሯል፤ እሱን ማሸት ትርፉ ድካም ነው።

ከፋብሪካ የወጣ መኪና ብረቱ ላይ ሦስት ዋና ልባጮች አሉት። ከታች ዝገት የሚከላከለው አንቲሩጂኔ፣ ከሱ በላይ ቀለሙ፣ ከሁሉም በላይ ቀቢዎች ክሊር የሚሉት ቀለም አልባ ልባጭ። ሁሉም ተደምረው ብዙውን ጊዜ ከ100 እስከ 150 ማይክሮን ናቸው፤ ክሊሩ ብቻውን ከ35 እስከ 50 ቢሆን ነው። 1 ማይክሮን የ1 ሚሊ ሜትር አንድ ሺህኛ ነው። የፀሐይን ጨረር የሚመክተው ኬሚካል ያለው ክሊሩ ውስጥ ስለሆነ፣ አብዝተው ካሹት መኪናው ለጊዜው ያብረቀርቅና ኋላ መላጥ ይጀምራል።

ኮፈንና ጣራ ቀድመው የሚደበዝዙት ፀሐይዋን ፊት ለፊት ስለሚቀበሉ ነው። አዲስ አበባ ደግሞ ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ናት፤ ከፍታ በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር አልትራቫዮሌት ጨረር በ10 በመቶ ገደማ ይጨምራል። ክብ ክቡ ጭረት ግን የፀሐይ ሥራ አይደለም። ከአንዱ መኪና አንስተው ሌላው ላይ የሚያሳርፉት፣ አሸዋ ያዘለ የላቫጆ ጨርቅ ነው ያመጣው። ጭረቶቹም በእውነቱ ክብ አይደሉም፤ በየአቅጣጫው የተሰመሩ ናቸው፤ ከመካከላቸው ለብርሃኑ ዙሪያውን የገጠሙት ብቻ ስለሚያንጸባርቁ ነው ክብ የሚመስሉት።

ለኮፈንና ለጣራ የሚያስፈልግዎት 100 ሚሊ ሊትር ያህል መካከለኛ ኮምፓውንድ (ጭረት የሚያነሳ ፈታጊ ቅባት)፣ የዚያኑ ያህል ማጠናቀቂያ ፖሊሽ፣ ሰም፣ ለእያንዳንዱ የራሱ ስፖንጅ፣ ቢያንስ 6 ንጹሕ የማይክሮፋይበር ጨርቅ፣ የወረቀት ፕላስተር፣ እንዲሁም የመኪና ማጽጃ ሸክላ የሚባለው ጭቃ መሰል ነገር ነው። ያረጀ ካናቴራ ለዚህ ሥራ አይሆንም። ስፌቱ ይጭራል።

በጥላ ሥር፣ ብረቱ ቀዝቅዞ ይሥሩ። በመኪና ሻምፖ ያጥቡት። ሬንጅ ካለ ላምባ በነካው ጨርቅ አለስልሰው አንስተው መልሰው በሻምፖ ይጠቡት። ከዚያ እጅዎን ስስ ፌስታል ውስጥ አስገብተው ቀለሙ ላይ ያንሸራቱ። በባዶ እጅ ልስልስ የመሰለው በፌስታል ውስጥ ሻካራ ሆኖ ከተሰማዎት፣ ቀለሙ ላይ የተጣበቀ የብረት ብናኝ፣ ሙጫና ጥቀርሻ አለ ማለት ነው። ሸክላው የሚፈለገው ለዚህ ነው። 50 ግራም ያህሉን ጠፍጥፈው፣ ገጹን በሻምፖ ውኃ በደንብ እያራሱ፣ ሳይጫኑ ወዲያ ወዲህ ያንሸራቱ። በየጊዜው አጥፈው ንጹሑን ፊት ያውጡ። መሬት ከወደቀ አጥቦ መመለስ የለም፤ ይጣላል። ይህን ደረጃ ዘሎ ኮምፓውንድ ማሸት ያንን ብናኝ ይዞ መፈተግ ነው።

አሁን ጎማ፣ ጥቁር ፕላስቲክና የኮፈኑን ጠርዞች በፕላስተር ይሸፍኑ። ጠርዝና የታጠፈ መስመር ላይ ቀለሙ ሁልጊዜ ስስ ነው፤ ቀለም አልቆ አንቲሩጂኔ የሚወጣው አብዛኛውን ጊዜ እዚያ ነው።

ኮምፓውንዱን ለመላው ኮፈን አይቀቡት። 40 በ40 ሴንቲ ሜትር በምታህል ቦታ ብቻ ይጀምሩ፤ የቪትዝ ኮፈን ሰባት ስምንት ቦታ ተከፍሎ ያልቃል። ስፖንጁ ላይ አተር አተር የሚያህል 4 ጠብታ ያድርጉ። መጀመሪያ ወደ ጎን፣ ቀጥሎ ወደ ላይና ወደ ታች፣ በቀጥታ መስመር፣ መካከለኛ ጫና እየሰጡ ከ2 እስከ 3 ደቂቃ ያሹ። ሳይደርቅ ይጥረጉት። ከዚያ ከፋርማሲ በሚገዛ 70 በመቶ አልኮል፣ በእኩል ውኃ አቅጥነው፣ ያንኑ ቦታ ያብሱት። ይህ ትንሽ የምትመስል ነገር ሥራውን ሁሉ ትወስናለች። ኮምፓውንድ ውስጥ ያለው ዘይት ጭረቱን ሞልቶ ስለሚሸፍነው፣ ሳያብሱ ካዩት «ጠፋ» ብለው ያልፉና በሁለተኛው እጥበት ሁሉም ተመልሶ ይመጣል።

የመጀመሪያዋ ቦታ ካማረች በዚያው ይቀጥሉ። ካላማረች አንድ ዙር ይድገሙ። ከሦስት ዙር በኋላም የሚታይ ጭረት ካለ ይተዉት፤ አንድ ሁለት መስመር ይዞ የሚኖር ክሊር ጭረት ከሌለው ስስ ክሊር ይሻላል። ኮምፓውንዱ ጥቁር ቀለም ላይ ደመና የመሰለ ብዥታ ትቶ ይሆናል፤ ማጠናቀቂያ ፖሊሹ በለስላሳ ስፖንጅ እሱን ያጠፋዋል። በመጨረሻ ሰም፣ በጣም ስስ አድርገው። 15 ደቂቃ ያህል ቆይቶ ሲነጣ ይወለወላል። ወፍራም ሰም ይበልጥ አያብረቀርቅም፤ ለመወልወል ያስቸግራል እንጂ። ከአንድ እስከ ሦስት ወር ይቆያል፤ ውኃ ጠብታ ጠብታ ሆኖ መንከባለሉን ትቶ ሲዘረጋ የሚደገምበት ጊዜ ደርሷል።

ጥያቄ፦ የሜትር ታክሲ ሾፌር ነኝ፤ መኪናዬ ነጭ ነው። ባጃጅ በሩን ታኮ አለፈና ሰማያዊ ቀለም ለጠፈበት፤ መሐሉ ላይ ደግሞ ረዘም ያለ ጭረት አለ። ጓደኞቼ «በኮልጌት እሸው፣ ይጠፋል» ይላሉ። እውነት ነው? (ከሳር ቤት)

መልስ፦ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ሰማያዊው ጭረት አይደለም፤ የባጃጁ ቀለም የእርስዎ ላይ ተቀምጧል። በአልኮል በራሰ ጨርቅ፣ ካልለቀቀም በጥቂት ኮምፓውንድ ይነሳል። ቲነር አይጠቀሙ። የፋብሪካ ቀለም ለአፍታ ቢችለውም፣ በሩ ከዚህ በፊት ዱኮ በሚባለው የጋራዥ ቀለም ተቀብቶ ከነበረ ከሰማያዊው ጋር የራስዎንም ይዞ ይነሳል።

ከዚያ ጥፍርዎን ጭረቱን አቋርጠው በቀስታ ይሳቡ። ጥፍሩ ካልተያዘ ጭረቱ ክሊሩ ውስጥ ነው፤ ከላይ ለቪትዝ ባለቤት በነገርናቸው መንገድ ይጠፋል። ጥፍር ከያዘ በማሸት አይጠፋም። ጭረትን ማጥፋት ማለት ዙሪያውን እስከ ጭረቱ ወለል ዝቅ ማድረግ ስለሆነ፣ ወለሉ ከክሊሩ በታች ከሆነ ዝቅ የሚደረግ ነገር የለም። ኮልጌትም ያው ደካማ ፈታጊ ነው፤ ፀጉር የመሰለ ጭረት ያደበዝዛል፣ ነጭ መኪና ላይ ደግሞ ጭረቱ ውስጥ ገብቶ ይደብቀዋል። ዝናብ ሲመታው ይወጣል። ዘይትና ላምባ የሚቀቡትም ነገራቸው አንድ ነው።

ጥፍር የሚይዘው ጭረት በቀለም ይሞላል። የቀለም ቁጥሩን ይፈልጉ። በቶዮታ ብዙውን ጊዜ የሾፌሩ በር ሲከፈት ምሰሶው ላይ ባለው ጽሑፍ፣ ወይም ኮፈኑ ሥር ባለችው ቆርቆሮ ላይ፣ «ሲ/ቲአር» ከሚሉት የላቲን ፊደላት ቀጥሎ ይገኛል። 040 ከሆነ መደበኛው ነጭ ነው፤ ማመሳሰሉ ቀላል ነው። 070 ከሆነ ግን ነጭ ፐርል ነው፤ ከሥሩ ነጭ፣ በላዩ ፐርል ተደርቦ የሚሠራ ስለሆነ በአንድ ጠብታ አይመሳሰልም፤ ከቅርብ ሲታይ ልዩነቱ እንደሚታወቅ አውቀው ይግቡበት። በቁጥሩ የሚቀምም ቀለም ሱቅ ጋ 50 ሚሊ ሊትር ቢያስቀምሙ ከበቂ በላይ ነው። መኪናው ፀሐይ ስለበላው ቁጥሩ ትክክል ሆኖም ቀለሙ ሊለይ ይችላልና ካርቶን ላይ ቀብተው፣ ሲደርቅ በሩ ላይ አስጠግተው ይዩት። እርጥቡን አይመኑ።

ጭረቱን በአልኮል ያጽዱ። ብረት ከታየና ዝገት ከጀመረ የዝገቱን ቦታ ብቻ በቁጥር 1000 የውኃ ብርጭቆ ወረቀት ጫፍ አጽድተው አንቲሩጂኔ ይንኩበት፤ ዝገት ላይ የተቀባ ቀለም ከሥሩ ያብጣል። ቀለሙን በጠርሙሱ ብሩሽ አይቀቡ፣ ወፍራም ነው። ስቴኪኒ ይበቃል። ጫፉን ነክረው ጠብታዋን ጭረቱ ውስጥ ያስቀምጡ፣ ራሷ ትሮጣለች። አንዴ ለመሙላት አይሞክሩ፤ ከላይ ይደርቅና ውስጡ ለስልሶ ይቀራል፣ ኋላም ይሰረጉዳል። ስስ ስስ አድርገው ሦስት አራት ጊዜ፣ በየመሐሉ ከ30 ደቂቃ እስከ አንድ ሰዓት እየጠበቁ ይሙሉ። መጨረሻ ላይ ክሊር ያክሉና ከዙሪያው በትንሹ ከፍ ብሎ ይቅር።

አሁን አንድ ሳምንት አይንኩት። ብዙ ሰው የሚያበላሸው እዚህ ነው፤ በማግስቱ ሲያስተካክለው ቀለሙ ተጎትቶ ይወጣል። ከሳምንት በኋላ ቁጥር 2000 የውኃ ብርጭቆ ወረቀት 10 ደቂቃ ውኃ ውስጥ ነክረው፣ ላጲስ ላይ ጠቅልለው፣ የሳሙና ውኃ እያንጠባጠቡ ከፍ ያለውን ብቻ በአጭር በአጭሩ ያንሸራቱ። አምስት ስድስት ጊዜ ሄድ መለስ፣ ጠረግ፣ ማየት። እኩል ሲሆን በ3000 ያለስልሱና በኮምፓውንድ ያብሩት። በጣት ይዞ መፈተግ አይሆንም፤ ጣት እኩል ስለማይጫን ጎድጓዳ ይሠራል።

ይህን ሁሉ ለመሥራት ጊዜ ካጡ እንኳን ክረምት ሳይገባ ብረት የታየበትን ቦታ በአንቲሩጂኔ ይንኩት። ሳይቃጠል በቅጠል ነው። ጭረቱ ፓራውልቱ ላይ ቢሆን ኖሮ ግን አያስቸኩልም ነበር፤ ፕላስቲክ አይዝግም።

ጥያቄ፦ የ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ነጭ ኮሮላ ነው። ፖሊሽ ሳደርግ ጨርቁ ነጭ በነጭ ሆነ። ቀለሙን እየገፈፍኩ ነው? (ከሀዋሳ)

መልስ፦ አዎ፣ ግን አይደንግጡ። መኪናዎ ያለ ክሊር የተቀባ ነው፤ በዚያ ዘመን በነጭ መኪና ላይ የተለመደ ነበር። የሚነሳው በፀሐይ የሞተው ላይኛው ቀለም ነው፤ ከሥሩ ጤነኛው አለ። ስለዚህ እንዲህ ያለው መኪና ከሁሉም ቀላል ነው፣ በእጅ ብቻ ይመለሳል። ጨርቁን ቶሎ ቶሎ ይለውጡ፣ ጥቁር ጨርቅ ቢጠቀሙ የሚነሳውን መጠን ያዩታል። ጠርዝ ላይ ግራጫ አንቲሩጂኔ ብልጭ ካለ ወዲያው ያቁሙ። የሚጠብቀው ክሊር የለውምና ሰሙን በየወሩ ተኩል ይድገሙለት።

ጥያቄ፦ ዱባይ የግል ሾፌር ነኝ። የአሠሪዬ ጥቁር መኪና ውጭ ነው የሚያድረው። የወፍ ኩስ ቶሎ ካላነሳሁት ምልክቱ ይቀራል፤ የውኃ ነጠብጣብም ክብ ክብ ነጭ እየሆነ አልለቅ ብሏል። በየቀኑ አቧራውን በደረቅ ጨርቅ እጠርገዋለሁ፤ ሌላ ምን ላድርግ?

መልስ፦ መጀመሪያ ያንን ደረቅ ጨርቅ ይተዉት። የበረሃ አቧራ ደቃቅ አሸዋ ነው፤ በየቀኑ ደረቁን መጥረግ በየቀኑ መፈተግ ነው። አቧራ ብቻ ከሆነ በውኃ ግፊት ያስለቅቁት፤ ውኃ ከሌለ ባይነካ ይሻላል። አሠሪዎ አቧራማ መኪና እንደማይወዱ እንገምታለን፤ እንግዲያው ለዚህ የተሠራውን ያለ ውኃ ማጠቢያ ፈሳሽ በብዛት ነፍተው፣ ጨርቁን አራት አጥፈው፣ አንዱን ፊት አንዴ ብቻ እየተጠቀሙ፣ ሳይጫኑ በአንድ አቅጣጫ ይሳቡ።

ወፍ የጣለው ነገር ምልክት የሚተወው አሲድ ስለሆነ ብቻ አይደለም። ጥቁር ብረት እዚያ ፀሐይ ላይ ከ70 ዲግሪ ሴልሲየስ ያልፋል፤ ክሊሩ ሲሞቅ ይለሰልሳል፣ የደረቀውም ኩስ ይኮማተራል፤ ማታ ሲቀዘቅዝ ክሊሩ ያንኑ ቅርጽ ይዞ ይጠነክራል። ስለዚህ ሳይሞቅ በጠዋት ያንሱት። እርጥብ ጨርቅ ላዩ ላይ 10 ደቂቃ አስተኝተው፣ ሲለሰልስ ወደ ላይ ያንሱት እንጂ አይፈትጉት፤ ውስጡ ጠጣር ፍሬ ይኖራል።

ነጠብጣቡ ውኃው ሲተን የቀረ የካልሲየም ጨው ነው። ነጭ ኮምጣጤና ውኃ እኩል ቀላቅለው፣ ብረቱ ቀዝቅዞ ሳለ፣ በጨርቅ ነክረው አንድ ሁለት ደቂቃ ያቆዩትና በብዙ ውኃ ያለቅልቁ፤ እስኪደርቅ አይጠብቁት። ጨው ከሆነ ይጠፋል። የቀለበት ጥላ ከቀረ ግን ክሊሩ ተበልቷል፤ ቀላል ኮምፓውንድ ይሞክሩ፣ ካልሆነም ይተዉት።

ሲያጥቡም ሁለት ባልዲ ይያዙ፤ አንዱ ሻምፖ፣ አንዱ ንጹሕ ውኃ። ጓንቱን ሻምፖ ነክረው አንድ ክፍል ካጠቡ በኋላ መጀመሪያ ንጹሑ ውኃ ውስጥ ያራግፉት፣ ከዚያ ወደ ሻምፖው ይመለሱ። ከጣራ ወደ ታች ይውረዱ፤ የበሩ ታችና ቸርኬው መጨረሻ፣ በሌላ ጨርቅ። ዱቄት ሳሙና አይጨምሩበት፤ ሰሙን አጥቦ ይወስዳል፣ ያልሟሟው ቅንጣትም ይጭራል።

ጥያቄ፦ የፖሊሽ ማሽን የለኝም። ስፖንጅ ግራይንደር ላይ ወይም መሰርሰሪያ ላይ ባስር ይሠራል? (ከአዳማ)

መልስ፦ ግራይንደሩን ይርሱት። ትንሹ ግራይንደር በደቂቃ 11,000 ጊዜ ገደማ ይዞራል፤ ለቀለም የሚፈለገው ከ1,000 እስከ 1,500 ነው። ከአፍታ በላይ አንድ ቦታ ከቆየ ቀለሙ ይቃጠላል፤ የተቃጠለን ደግሞ ፖሊሽ አይመልሰውም። መሰርሰሪያ ግን ፍጥነቱ በጣት የሚቆጣጠሩት ከሆነ ይሆናል። ከ75 እስከ 80 ሚሊ ሜትር ስፖንጅ፣ ሁልጊዜ ጠፍጣፋውን አስተኝተው፣ ሳያቋርጡ እያንቀሳቀሱ። በየጊዜው መዳፍዎን ብረቱ ላይ ያኑሩ፤ ማቆየት ካልቻሉ ያሳርፉት። ገንዘብ ሲገኝ እየዞረ የሚርገበገበውን ኦርቢታል ማሽን ይግዙ፤ አንድ ቦታ ላይ ሲጫኑት መዞሩን ስለሚያቆም ለጀማሪ የሚመከረው እሱ ነው።

ጥያቄ፦ እዚህ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ የምነዳው መኪና ጣራው ላይ ክሊሩ እንደ ወረቀት ይላጣል። በስፕሬይ ራሴ ልመልሰው እችላለሁ?

መልስ፦ ለዓይን ይመለሳል፣ ግን የጣራው መካከል ላይ ቀብተው አሮጌው ጋ ካገናኙት መገናኛው መልሶ ይነሳል፤ አሮጌው ክሊር ከሥሩ ለቆ ሊሆን ስለሚችል። ዘላቂው መንገድ ሙሉ ጣራውን በቁጥር 800 የውኃ ብርጭቆ ወረቀት ፈትጎ፣ የለቀቀውን ሁሉ አውጥቶ፣ ከጠርዝ እስከ ጠርዝ መቀባት ነው። ተራው ስፕሬይ ክሊር ቤንዚን ሲነካው ይለሰልሳል፣ ፀሐይም ቶሎ ይበላዋል። ከሥሩ ቁልፍ ተጭኖ ማጠንከሪያው የሚቀላቀለው ባለ ሁለት ክፍሉ ጠንካራ ነው፤ ነገር ግን ኢሶሲያኔት የሚባል ኬሚካል አለበት፣ አስም ያመጣል፣ አንዴ የጀመረ ሰው ከዚያ በኋላ በጥቂቱም ይታመማል። የአቧራ ማስክ ከሱ አያድንም። አፓርትመንት ጋራዥ ውስጥ ፈጽሞ አይንፉት። ዝግጅቱን፣ ማለትም መፈተጉንና መሸፈኑን፣ ራስዎ ሠርተው መርጨቱን ለቀለም ቤት ቢሰጡ ከወጪው ብዙው ይቀንሳል። ጊዜ የሚፈጀውና የሚያስከፍለው ዝግጅቱ ነውና። አስቀድመው ግን ይጠይቋቸው፤ ሌላ ያዘጋጀውን አንቀባም የሚሉ አሉ።

ጥያቄ፦ የፊት መብራቴ ቢጫ ሆኗል። ኮምፓውንዱ ለሱም ይሆናል? (ከባሕር ዳር)

መልስ፦ ብቻውን አይበቃም። ፕላስቲኩ ፖሊካርቦኔት ነው፤ ቢጫ የሆነው በላዩ የነበረው የፀሐይ መከላከያ ልባጭ ስለሞተ ነው፤ ቅሪቱ ሙሉ በሙሉ መውጣት አለበት። ዙሪያውን ቀለም በፕላስተር ሸፍነው በቁጥር 1000፣ ቀጥሎ በ1500፣ በ2000ና በ3000 እያራሱ ይፈትጉ። በመጀመሪያው ላይ ቢጫ ውኃ ይወርዳል፤ ነጭ ወተት እስኪመስል አይለፉ። ከ3000 በኋላ ኮምፓውንዱ ያጠራዋል። በዚህ ከቆሙ ግን በወራት ውስጥ ቢጫው ይመለሳል። ለፊት መብራት የተሠራ ጨረር መከላከያ ክሊር በአልኮል ካበሱት በኋላ ስስ አድርገው ይቀቡበትና መኪናውን ጥላ ውስጥ ያሳድሩት፤ ውኃ ለአንድ ቀን አይንካው።